የወንድሙ ሚስት ያመጣችው ጥያቄ

ባሌ በአማርኛ ቁጥብ ሰው ነው። ቃል መርጦ፣ ከአፉ ከማውጣቱ በፊት አላምጦ ነው የሚናገረው። እኔም ጠባዩ ነው ብዬ፣ ጭምት ባል ስለሰጠኝ አምላኬን አመስግኜ እኖር ነበር። በኦሮምኛ ቀልደኛ መሆኑን የደረስኩበት ሁለት ልጅ ከወለድኩለት በኋላ ነው፤ የሟች ወንድሙ ሚስት ከአሬሮ መጥታ ነገሌ፣ እኛ ቤት የሰነበተች ጊዜ። እሷ አንድ ነገር ጣል ታደርጋለች፣ እሱ ይመልሳል፣ ከዚያ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔ እዚሁ ነገሌ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ያለኝ ግን የገበያ ኦሮምኛ ነው። ዋጋ እከራከራለሁ፣ ሰላምታ እመልሳለሁ፣ ሲብስብኝ እሳደባለሁ። ቀልድ ላይ ስንደርስ ደጅ እቀራለሁ። "ምን አለች?" ስለው፣ "ተዪው፣ በአማርኛ ሲነገር አያስቅም" ይለኛል። አንጀቴ እርር ይል ነበር።

እንዴት እንደመጣች ልናገር።

አባቴ በወታደርነት ከሰሜን መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነበር። እኔ መናኸሪያው አጠገብ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ባሌ የቦረና ልጅ ነው፤ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ሆኖ ነገሌ ሲመደብ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ተዋወቅን። እናቴ ጴንጤ መሆኔን ገና ይቅር ሳትለኝ እሱን ማግባቴን ጨመርኩባት። "እነሱ እኮ በአንድ አይወሰኑም፣ ልጄ" ስትለኝ፣ "እማዬ፣ እሱ ጌታን የተቀበለ ነው፤ አንድ ወንድ ለአንዲት ሴት ነው" ብዬ በኩራት መለስኩላት። በዚያች መልስ ስንት ዓመት ተኝቼባታለሁ።

ታላቅ ወንድሙ አንድ ክፉ በጋ ላይ ከብት ይዞ ወደ ቆላው እንደወረደ ወባ ይዞት ሞተ። ደግ ሰው ነበር፤ እኔም ከልቤ አለቀስኩ። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ የባሌ አጎት፣ ረጅም በትር የያዙ ሽማግሌ፣ ነገሌ ድረስ መጡ። ሰላምታውን በወጉ ጨረሱ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁ። ከዚያ እኔም እንድሰማ በአማርኛ፣ "የወንድምህ ቤት እሳት ይጥፋ ወይ?" አሉት።

ለማያውቅ ሰው ይህ ስለ ምድጃ ይመስለዋል። በቦረና ወግ ባል የሞተባት ሴት ወጥታ ሌላ አታገባም፤ የሟቹ ወንድም ይወርሳታል። ቤቱ አይዘጋም፣ ስሙም አይጠፋም ይባላል። ሟቹ ያለው ወንድም ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ያያል።

"እኔ አሁን በቃሉ ነው የምኖረው፣ አባ" አላቸው ባሌ። "መጽሐፉ ያለውን አደርጋለሁ።"

እፎይ አልኩ። መጽሐፉ የሚለውን ማን ያጣዋል? ለሽማግሌው ሁለተኛ ሻይ የቀዳሁላቸው በደስታ ነበር።

ደስታዬ አልቆየም። ሴትዮዋ ከአሬሮ መልእክት ላከች። እሷም አምናለች፣ ተጠምቃለች፤ አሬሮ ያሉ አማኞች ስብሰባ ላይ የሙሴ ሕግ ሲነበብ ሰምታለች። በዚያ ሕግ፣ አንድ ሰው ወንድ ልጅ ሳይተው ከሞተ አብሮት የሚኖረው ወንድሙ ሚስቱን ያግባት፣ የበኩር ልጃቸውም በሟቹ ስም ይቁም ይላል። እሷ ሁለት ሴቶች ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ የላትም። "ታዲያ የአባቶቼ ወግና መጽሐፉ አንድ ከሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለኝ በየትኛው ነው? መጥቼ ልጠይቅ" ነው መልእክቱ።

ለሌላ ሴት ወንድ ልጅ አጥብቄ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንድ ወንድ ወልዳ ቢሆን ነገሩ ሁሉ ባለቀ ነበር! እናቴ ስትሰማ ራሷን ነቅንቃ፣ "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" አለችና ነጠላዋን አጣፋች። ደስ ሳይላት አልቀረም።

ወንጌላዊያችን ጥያቄው ሲነገረው ከመቀመጫው ሳይነሳ መለሰ። ጌታ ራሱ ከመጀመሪያው ሁለቱ አንድ ሥጋ ናቸው ብሏል፤ ሦስቱ አላለም። እኔ "አሜን" አልኩ፤ ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም። ባሌ ግን እጁን አነሳ። "ጌታን ሰባት ወንድማማቾች አንዲቱን ሴት ተራ በተራ ስለማግባታቸው ጠይቀውት ነበር። ሕጉን ግን አልነቀፈውም። ይህን እንዴት እንየው?" አለ። ወንጌላዊው ትንሽ አሰበና "እንጸልይበት" አለ። ወንጌላዊ እንጸልይበት ካለ መልሱ እጁ ላይ የለም ማለት ነው፤ ይህን በመዘምራን ውስጥ ያደገች ሁሉ ታውቀዋለች።

ስለዚህ ራሴ ገባሁበት። መጽሐፍ ቅዱሴን የስፌት መኪናዬ ላይ ከፍቼ፣ እግሬ እየረገጠ ዓይኔ ያነባል። ስንት ኮሌታ ገልብጬ እንደሰፋሁ የተማሪ ወላጆች ያውቁታል። የመጀመሪያዋን ጥቅስ ሳገኝ እስከ ማታ መጠበቅ አቃተኝና እሱ ምሳ ሊበላ ሲገባ ገና በር ላይ ያዝኩት። የወንድምህን ሚስት ኀፍረተ ሥጋ አትግለጥ የምትለዋን ነበር።

"እሷ ወንድምየው በሕይወት ሳለ ነው" አለኝ እጁን እየታጠበ።

በማግስቱ የአንዲት ሚስት ባል መሆንን የምታዝዘውን አመጣሁ።

"እሷ ለጳጳስ ነች። እኔ የከብት መርፌ ወጊ ነኝ።"

ሦስተኛዋን ከዚያው ከሕጉ ውስጥ አወጣሁ። "አብረው የሚኖሩ ወንድማማቾች ነው የሚለው። አንተ ነገሌ፣ እሱ አሬሮ!"

ይህችን ትንሽ አሰበባት። "ላሞቼ በእሱ በረት ውስጥ ናቸው" አለ ቀስ ብሎ። "ሲታለቡ ይሄ የኔ፣ ይሄ የሱ ተብሎ አይለይም። አብሮ መኖር ሌላ ምንድን ነው?"

"አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ የማን ጠበቃ ነህ?"

"የማንም። እውነቱን ነው የምፈልገው።"

እውነቱን የሚፈልግ ባል አይጣል ነው። ሰካራም ቢሆን እንኳ ጎረቤት ያዝንልሻል።

ከዚያ እሷ መጣች። አንድ የከብት አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ አንድ ቅል ቅቤና አንድ ትንሽ ጥቅል ይዛ፣ ሴቶች ልጆቿን ዘመድ ቤት ትታ። ጥቁር ሻሽ አስራለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቷ ላይ ጨሌ። አስቀያሚ ትሆናለች ብዬ አልጠበቅኩም፤ ይህን ያህል ቆንጆ መሆኗን ግን ማንም አልነገረኝም። በሠርጌ ጊዜ አይቻት ነበር፤ ሙሽራ ደግሞ ሌላ ሴት አታይም። "ናጋ ጅርታ፣ እህቴ?" ብላ ሁለት እጄን ይዛ ሳመቻቸው። እኔም "ናጋ" አልኩ።

ጠዋት ከኔ ቀድማ ትነሳለች። ሻዩን ወተት በወተት አድርጋ ታፈላለታለች፣ እንደ ልጅነቱ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ባዶ ሻይ ሳጠጣው ወተት እንደሚወድ ትንፍሽ አላለም።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ።"

ያደገው በእሷ እጅ ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ ወንድሙ ቤት ነበር የሚኖረው፤ ዩኒፎርሙን የምታጥብለት፣ ጓዝ ተነቅሎ ከብቱ ወደ በረሃ ሲሄድ ለሱ ወተት የምታስቀርለት እሷ ነበረች። "እንደ እናቴ ናት እኮ" ይለኛል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በልጅነቷ የተዳረች ናት፤ በዕድሜ የምትበልጠው በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ቢሆን ነው። የሦስት ዓመት እናት የት አገር አለች? ይህንኑ ስነግረው ሻዩን አንስቶ ፉት አለ። ከዚያ እሷ ከጓሮ ተጣርታ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለችው፤ ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ።

ለሦስት ቀን የመጣች ሴት ዝናቡ የአሬሮን መንገድ አበላሽቶት ከረመች። ሰው ሁሉ ለዝናቡ ያመሰግናል፤ እኔ ሰማዩን እያየሁ እረግማለሁ። ልጆቼ ለመዷት። ሴቷ ልጄ እሷ የሠራችላትን የጨሌ አምባር አላወልቅም ብላ እንዳደረገችው ተኛች። ወንዱ በኦሮምኛ ይጠይቃታል፣ ትመልስለታለች፤ ለካ እሱም ቀልድ ያውቃል። በገዛ ቤቴ ትርጉም የምለምን እንግዳ ሆኜ አረፍኩት። ክፉ ሴት ብትሆን እንዴት ባረፍኩ! ክፋት ስፈልግባት ውዬ አንድም ሳላገኝ ይመሻል፤ ይህም ራሱ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት እሷ ልጆቹን ይዛ ገበያ ስትወጣ ባሌን ብቻውን አገኘሁት። መርፌና መድኃኒቱን እያዘጋጀ ነበር። በሩን ዘጋሁና ቆምኩ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሕጉን ተወው፣ ቤተ ክርስቲያንንም ተዋት። ቢፈቀድልህ ትፈልጋለህ ወይ?"

"አይፈቀድም" አለኝ።

"እሱን አልጠየቅኩህም።"

"አይፈቀድም አልኩሽ እኮ። ምን ልበልሽ ሌላ?"

ሳጥኑን ዘግቶ ወጣ። ልቡን ጠየቅኩት፣ የተጻፈውን መለሰልኝ። እዚያው በሩ ላይ እንባዬ መጣ፤ የቁጣ ነው እንጂ የሌላ አይደለም።

ያን ዕለት ወደ ስፌት መኪናዬ ተመልሼ ያችኑ የሙሴን ሕግ እንደገና አነበብኳት። እስከዚያ ድረስ የላይኛውን ብቻ ነበር ስንከራከርበት የከረምነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ማንም ልብ አላለውም። ሰውየው ላገባት አልወድም ካለ ምን ይደረግ የሚል አለ። ሴቲቱ ወደ ሽማግሌዎች ትሂድ፤ ሽማግሌዎቹም ይጥሩት፤ እሱም ቆሞ ላገባት አልወድም ይበል። ያኔ እሷ በፊታቸው ጫማውን ከእግሩ ታውጣ፣ ፊቱ ላይም ትትፋበት። አለቀ። ከዚያ ወዲያ አንዱ በሌላው ላይ ምንም የለውም።

መኪናዬን አቆምኩና ደጋግሜ አነበብኩት። ስፈልግ የከረምኩት ይኸው! እሱ በራሱ አፍ አልወድም ይላል። እሷ ሰው ፊት ትተፋበታለች። ከዚያ በኋላ ማን ከማን ጋር ይሳሳቃል? የተተፋበት ወንድ የተፋችበትን ሴት ዓይን ዳግመኛ አያይም፤ እሷም ብትሆን "እንቢ" የተባለችበት ደጅ አትመጣም። ሁለቱን የሚለያያቸው መጽሐፉ ራሱ ነው፤ የእኔ እጅ የለበትም። ዛሬ ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ አደርጋለሁ፤ የተጸጸተች ሴት አትጠብቁ።

ይህን ሄጄ ስነግረው ወንጌላዊው ፊቱ ጠቆረ። "እህቴ፣ ይህ የብሉይ ኪዳን ሥርዓት ነው። እኛ በጸጋው ነው ያለነው።"

"ጥያቄው ከብሉይ መጣ፤ መልሱም ከብሉይ ይምጣ" አልኩት። "እርስዎ በሐዲስ መልሰውላት አልረካችም። ወጉንም የምታከብረው፣ መጽሐፉንም የምታምነው በዚህ ነው።"

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተማከሩ። አጎትየውም መልእክት ሲደርሳቸው ተስማሙ። ሴቲቱ ራሷ በሽማግሌ ፊት ከለቀቀችው ጎሳው ባሌን "ወንድሙን የካደ" አይለውም፤ እሷንም "ወራሽ ያጣች" ብሎ የሚደፍራት አይኖርም አሉ። መንገዱ ደረቀ ተባለና እሳቸውም መጡ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰው አልወጣም። ቆርቆሮው ግሎ ይንኮሻኮሻል። ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እኔ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ልጆቼን ግራና ቀኝ አድርጌ። መጀመሪያ እሷ እንድትናገር ተፈቀደ፤ አንዱ ሽማግሌ ያስተረጉማል።

"አልጋ ፈልጌ አልመጣሁም" አለች። "የማን እንደሆንኩ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ባሌ ሲሞት ላሞቹ የማን እንደሆኑ በዚያው ቀን ታወቀ። እኔን ግን ማንም አልነገረኝም። ወጉ የሱ ነሽ ይለኛል። እናንተ አይደለሽም ትሉኛላችሁ። የሱ ካልሆንኩ ሴቶች ልጆቼ ሲዳሩ ማን ይቆምላቸዋል?"

ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ተናገሩ። ባሌ እንደ ሚስት ሊወስዳት አይችልም። ለልጆቹ ግን እንደ አባት ይቆማል፤ ቤቷም ላሞቿም የሷ ናቸው፤ አጎትየውም ለዚህ እማኝ ናቸው። አጎትየው በትራቸውን መሬቱ ላይ መታ አድርገው "ይሁን" አሉ። ከዚያ ወንጌላዊው ያችን ያመጣሁለትን ክፍል አነበበና ባሌን ጠራው።

ባሌ ተነስቶ ቆመ። ለእሑድ የሚያደርገውን ጥቁር ጫማ አድርጓል፤ ጠዋት የቦረሽኩለት እኔ ነኝ።

"ቃልህን ስጥ" አለው ወንጌላዊው።

"አይፈቀድልኝም" አለ።

"ሕጉ የሚለው እንደሱ አይደለም። ላገባት አልወድም በል ነው።"

ጠበቅኩ። ሁላችንም ጠበቅን። በአማርኛ ቃል መርጦ የሚናገር ሰው ነው ብያለሁ፤ ይህቺ ቃል ግን ተመርጣለት ነበር፤ ማለት ብቻ ነው የቀረው። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ወደ መሬት አየ። አንገቱ ላይ ላብ ወረደ። ልጄ "ማሚ፣ አባቢ ምን ሆኖ ነው?" ስትለኝ ክንዷን ጨመቅኩት። በል! በሆዴ እየጮህኩ ነው፣ በል እንጂ አንተ ሰው!

እሷ አየችው። እንዳልቻለ ገባት፤ ከኔ ቀድሞ ገባት። ማንም ሳይጠራት ተነሳች፣ ሄዳ እግሩ ሥር በርከክ አለች፣ የቀኝ ጫማውን ማሰሪያ ፈትታ ቀስ አድርጋ አወለቀችው። ተረከዙን በመዳፏ ደግፋ ነበር፤ እንደ ሕፃን እግር። ያችን እጅ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ከዚያ ቆመች። አሁን ትትፋበት፣ አልኩ በልቤ፤ ቢያንስ ይህቺ ትቅናልኝ። እሷ ግን ራሱን በሁለት እጇ ይዛ ዝቅ አደረገችና ግንባሩ ላይ እንትፍ፣ እንትፍ አለችበት፤ አገራችን ሽማግሌ ልጅ ሲመርቅ እንደሚያደርገው። "ሆሪ፣ ቡሊ" አለችው። ውለድ፣ ክበድ፣ ዕድሜ ይስጥህ እንደማለት ነው፤ ይህን ያህል ኦሮምኛ አለኝ። አጎትየው "አሜን" አሉ፤ ሕዝቡም ተቀበላቸው። ወንጌላዊው መጽሐፉን እንደያዘ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፋው። ባሌ አንገቱን እንዳጎነበሰ ያለቅስ ነበር። ግንባሩን አልጠረገም።

ጫማውን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ሦስተኛው አግዳሚ ድረስ፣ በሰው መሐል። እጄ ላይ አስቀመጠችውና በተሰበረ አማርኛዋ፣ "እህቴ፣ አንቺ አድርጊለት" አለችኝና ወደ በሩ አመራች።

ምን ማድረግ እችላለሁ? ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ያየኛል። ተነስቼ ሄድኩ። እሷ በነበረችበት ቦታ ተንበረከኩ። እግሩ ቀዝቃዛ ነበር። ጫማውን አጠለቅኩለት፤ ማሰሪያውን ይዤ ቀና ብዬ አየሁት፤ ከኔ በላይ፣ ወደ በሩ፣ እሷ ወደ ሄደችበት ነበር የሚያየው።

"አሁን በለው" አልኩት በሹክሹክታ። "ሰው አይሰማም። ለኔ ብቻ በለው።"

"ምኑን?"

"አልወድም በል።"

ያኔ ወደ ታች አየኝ፤ ዓይኑ ርጥብ ነበር። "አለቀ እኮ" አለኝ። "እሷ ለቀቀችኝ።"

ማሰሪያውን አጥብቄ አሰርኩት።